ሁለት ሰርቨር፣ 60 ኮምፒውተር፣ አንድ ሠራተኛ፦ ምን ይገዛ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። «ካዛንቺስ አካባቢ በአንድ አስመጪ ድርጅት ሥራ ከጀመርኩ ሁለት ወሬ ነው። በአይቲ በኩል ብቸኛዋ ሠራተኛ እኔ ነኝ። 60 ያህል ኮምፒውተር፣ ሁለት ሰርቨርና መርካቶ ውስጥ አንድ መጋዘን አለን። ፋይናንስ ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር ይጠቀማል። አለቃዬ የሚያስፈልጉትን ሶፍትዌሮችና አገልግሎቶች ከነዋጋቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ አቅርቢ ብለውኛል። ምን ልጻፍ? ክላውድ (በኢንተርኔት የምንከራየው የሌላ ድርጅት ሰርቨር) ይሻላል ወይስ እዚሁ?»

እህቴ፣ እንኳን ሳትገዢ ጠየቅሽ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበስባል፣ ይገዛል፣ ከዚያ ነው የሚጨነቀው። እኔ በዚህ ሥራ ላይ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩትም ከስታዲየም እስከ አራት ኪሎ ባሉ ቢሮዎች ውስጥ ነው። አንድ መሣሪያ ለመምረጥ ስቀመጥ አንድ ቀን አስባለሁ። መብራት የሄደበት፣ ፋይበሩ የተቆረጠበት፣ እኔም ክፍለ ሀገር ለቅሶ የሄድኩበት ቀን። በዚያ ቀን የሚሠራ ከሆነ ዝርዝሬ ውስጥ ይገባል። የማይሠራ ከሆነ የቱንም ያህል የሚያምር ቢሆን ይቆየኝ እላለሁ።

ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቅሽ በፊት አንድ ደብተር ይዘሽ ቢሮውን ዙሪ። ሰርቨሮቹ ላይ ምን አለ? የትኛው ዊንዶውስ ነው? ዊንዶውስ ሰርቨር 2012 ከሆነ ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2023 አቁሟል። ሠራተኞቹ ጋ ያለው የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ላይ ቆሟል። አሮጌ ሆነው ሳለ አዲስ መጠበቂያ ሶፍትዌር መግዛት በሩ ለተሰበረ ቤት ቁልፍ እንደመግዛት ነው። በክራክ (ላይሰንሱ ተሰብሮ) የተጫነ ነገር ካገኘሽም ለብቻው ጻፊው። ክራኩን ስትጭኚ አንቲቫይረሱን አጥፊ የሚል መመሪያ አብሮ ይመጣል። ሰርቨር ላይ እንዲህ ያለ ነገር ካለ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው።

አሁን ወደ ባክአፕ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሜክሲኮ አካባቢ ወዳለ አንድ ድርጅት ተጠርቼ ሄድኩ። ሰርቨሩ ላይ ያለው ፋይል ሁሉ ስሙ ተቀይሯል። ዴስክቶፑ ላይ ገንዘብ የሚጠይቅ ጽሑፍ ተቀምጧል። «ባክአፕ አላችሁ?» ስል «አለን» አሉና ኤክስተርናል ዲስኩን አሳዩኝ። ከሰርቨሩ ጀርባ ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚኖር ነው። እሱም አብሮ ተቆልፏል። የፋይናንስ ኃላፊዋ ምንም አልተናገሩም። ቁምሳጥኑን ከፍተው የቫውቸር ፋይሎቹን አንድ በአንድ ወለሉ ላይ መደርደር ጀመሩ። የአምስት ወር ደረሰኝ ነው። ሦስት ሰው ከጠዋት እስከ ማታ እየመታ ለማስገባት ከወር በላይ ፈጀበት። የካሽ ሬጅስተር ወረቀት እንደምታውቂው ይደበዝዛል። አንዷ ልጅ የደበዘዘውን ደረሰኝ መስኮቱ ላይ ለጥፋ በፀሐይ ብርሃን ቁጥሩን ስትፈልግ አሁንም ይታየኛል።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሚደርስ አይምሰልሽ። ጊትላብ የሚባለውን የፕሮግራመሮች አገልግሎት ታውቂው ይሆናል። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 አንድ ኢንጂነራቸው ሌሊት እየሠራ ሳለ ዋናውን ዳታቤዝ በስህተት ሰረዘው። አምስት ዓይነት የባክአፕና የቅጂ ዘዴ ነበራቸው። ሲፈለግ አንዱም በአግባቡ የሚሠራ ሆኖ አልተገኘም። ያዳናቸው ከስድስት ሰዓት ያህል በፊት ለሌላ ሥራ ተብሎ በእጅ የተወሰደ ቅጂ ነው። በዚያ ላይ ይህን ሁሉ ራሳቸው በግልጽ ጽፈው አወጡት፤ ለዚህ አከብራቸዋለሁ።

ለአንቺ የምመክርሽ እንዲህ ነው። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከሕንፃው ውጭ። ሁለት ኤክስተርናል ዲስክ ግዢ። አንዱ ቢሮ ሲሆን ሌላው መጋዘኑ ጋ ይቀመጥ። አርብ አርብ ይቀያየሩ። የዕቃ መኪናው መርካቶ መመላለሱ አይቀርም፤ ዲስኩ በታሸገ ፖስታ አብሮ ይሂድ። መጋዘኑ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ጥቅምት 2017 እዚያው መርካቶ ሸማ ተራ ላይ የደረሰውን ቃጠሎ አንቺም ታስታውሺዋለሽ። ዋናው ነገር በየትኛውም ሰዓት ቢያንስ አንዱ ዲስክ ከየትኛውም ኮምፒውተር ጋር ያልተገናኘ መሆኑ ነው።

ሶፍትዌሩስ? ሰርቨሮቹ ዊንዶውስ ከሆኑ ቪም ኮሚዩኒቲ ኤዲሽን እስከ 10 ማሽን ድረስ በነፃ ይበቃሻል። ሊኑክስ ካለሽ ሬስቲክ ወይም ቦርግ ተጠቀሚ። ሁለቱም ዳታውን ቆልፈው ያስቀምጣሉ (ቦርግ ላይ ስትጀምሪ መቆለፉን ምረጪ)፣ የተደጋገመውንም አንዴ ብቻ ስለሚይዙ ዲስክ ይቆጥባሉ። ዲስኩ መንገድ ላይ ቢጠፋ እንኳ ያገኘው ሰው ሊያነበው አይችልም። የመክፈቻው ቃል ከጠፋ ግን አንቺም አታነቢውም። ወደሱ እመለሳለሁ።

ፒችትሪ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዳታውን የሚያስቀምጠው ፐርቫሲቭ በሚባል የዳታቤዝ ሞተር ነው። ሰው ከፍቶት እየሠራ ሳለ ፎልደሩን ኮፒ ብታደርጊ ኮፒው ያለቀ ይመስላል። ስትመልሺው ግን ላይከፈት ይችላል። ወይ ሁሉም ወጥተው በራሱ በፒችትሪ ባክአፕ ሜኑ ይወሰድ፣ ወይ ሌሊት የፐርቫሲቩን ሰርቪስ የሚያቆም፣ ፎልደሩን የሚቀዳና መልሶ የሚያስነሳ አጭር ስክሪፕት ጻፊ። እኔ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አደርገዋለሁ። እግረ መንገዴን፣ የሰዓት ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። ኮምፒውተሩ ላይ ሌሊት 8 ሰዓት ማለት 02:00 ነው፤ ሰርቨሩ በዩቲሲ (ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደኋላ በሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት) ከተቀመጠ ደግሞ የባለፈው ቀን 23:00 ሆኖ ይመዘገባል። ፋይናንስ ደውለው «3 ሰዓት ላይ ቆመብን» ሲሉሽ ሎጉ ላይ የምትፈልጊው 09:00 ነው ወይስ 06:00? መጀመሪያ ይህን አስተካክለሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊው።

ከዚያ በወር አንድ ቀን ከባክአፑ ላይ አንድ ሙሉ ፎልደር ወደ ሌላ ኮምፒውተር መልሺ። ፒችትሪውን ክፈቺና የፋይናንስ ሰው ጠርተሽ የመጨረሻው ቫውቸር ቁጥር ትክክል መሆኑን በዓይናቸው ያረጋግጡ። ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ጻፊ። ያ ቁጥር አለቃሽ ጋ ስትገቢ ከማንኛውም ብሮሹር የተሻለ ይናገርልሻል። ሻጭ ሲመጣም ሌላውን ገለጻ ከመስማትሽ በፊት «አንድ ፋይል ሰርዤ ፊቴ መልስልኝ» በይው።

መብራት። ዩፒኤስ አለን ትይኝ ይሆናል። ብዙ ቢሮ ስገባ ዩፒኤሱ አለ፣ ወደ ሰርቨሩ የሚሄደው የዩኤስቢ ገመድ ግን ከነላስቲኩ ካርቶኑ ውስጥ ነው። የዩፒኤስ ትልቁ ሥራ ሰርቨሩ በሰላም እንዲዘጋ ጊዜ መስጠት ነው። ገመዱ ካልተሰካ ባትሪው ማለቁን ሰርቨሩ በምን ያውቃል? ድርግም ይላል፣ ዳታቤዙም ይጎዳል። ገመዱን ሰክተሽ ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስ የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር ጫኚ፤ አንዱ ሰርቨር ከዩፒኤሱ መረጃውን ይቀበላል፣ ለሌላው ይነግረዋል፣ ባትሪው ሲዳከም ሁለቱም ራሳቸውን ይዘጋሉ። የዩፒኤስ ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ነው ዕድሜው። የተገጠመበትን ቀን በማርከር ላዩ ላይ ጻፊ። ቅዳሜ ከሰዓት ሠራተኛው ሲወጣ ሶኬቱን ንቀዪና በሰዓት ያዢ። ጀነሬተር ካላችሁም እስኪነሳ የሚወስደውን ጊዜ አብረሽ ለኪ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። መብራት ሲመለስ ብዙ ጊዜ አንዴ አይመለስም። መጥቶ፣ ሄዶ፣ እንደገና ይመጣል። ሰርቨሩ ባዮስ (የመነሻ ማስተካከያው) ውስጥ መብራት እንደመጣ ወዲያው ተነስ ተብሎ ከተቀመጠ እየተነሳ ሳለ ደግሞ ይወድቃል። የሚያዘገይ አማራጭ ካለው ጥቂት ደቂቃ ስጪው። ከሌለው ራሱ እንዳይነሳ አድርጊና በእጅ አስነሺው። ለዚህ የሚወጣው ብር የባትሪ ዋጋ ብቻ ነው፤ ከብዙ ውድ ሶፍትዌር ይበልጣል።

ክላውድ ወይስ እዚሁ ላልሽው፣ መልሴ ሁለቱም ነው፤ ግን ምን የት እንደሚሆን ለይቼ ልንገርሽ። ኢሜይል ውጭ ይሁን። የራስሽን የኢሜይል ሰርቨር ለብቻሽ ማስተዳደር አልመክርሽም። የአይፒ አድራሻሽ (የኢንተርኔት መስመርሽ መለያ ቁጥር) ስሙ ከጠፋ የምትልኪው ሁሉ ስፓም ውስጥ ይገባል፣ ያን ለማስነሳት የሚደረገው ደብዳቤና ልመና ሥራሽን ሁሉ ይበላዋል። ማይክሮሶፍት 365 ወይም ጉግል ወርክስፔስ ውሰጂ። በብር የሚያስከፍል የአገር ውስጥ ሻጭ ብታገኚ ይሻላል፤ የውጭ ካርድ የማግኘቱን ጣጣ ታውቂዋለሽ። ሒሳብና የመጋዘን ዳታ ግን እዚሁ ይሁን። ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ ሥራቸው ሁሉ ውጭ የነበረ ድርጅቶች እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ደንበኛ ፊት ቆሞ «ሲስተም የለም» ማለት ምን እንደሚመስል ባንክ ቤት ተሰልፎ የሰማው ሁሉ ያውቀዋል።

የዶላሩንም ነገር አስቢ። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በወራት ውስጥ ከ110 ብር በላይ ሆነ። በዶላር በየወሩ የሚከፈል ነገር የያዘ ድርጅት በጀቱ እጥፍ ሆነበት። ስለዚህ እያንዳንዱ አገልግሎት አጠገብ አንድ ጥያቄ ጻፊ፦ ሁለት ወር ሳንከፍል ብንቆይ ምን ይሆናል? አንዳንዱ ማዘመን ብቻ ያቆማል፣ ያለው ግን ይሠራል። አንዳንዱ ዳታሽን ይዞ በሩን ይዘጋል። ሁለተኛውን የምትወስጂው ዳታውን በማንኛውም ጊዜ ማውጣት ከቻልሽ ብቻ ነው፤ እሱንም ሳትፈርሚ በፊት ራስሽ ሞክሪው። ሌላም አለ። አሁን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሰው መረጃ ወደ ውጭ አገር ስለሚሄድበት ሁኔታ ይደነግጋል። የሠራተኞችን ወይም የደንበኞችን ፋይል ውጭ ከማስቀመጥሽ በፊት ከድርጅቱ ጠበቃ ጋር ተነጋገሪ።

ቪኤምዌር (አንዱን ሰርቨር እንደ ብዙ ሰርቨር የሚያሠራ ሶፍትዌር) የሚል ፕሮፎርማ ከቀረበልሽ ቆም በዪ። ብሮድኮም ኩባንያውን በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2023 ገዝቶ ወዲያው አንዴ ተገዝቶ የሚኖረውን ላይሰንስ መሸጥ አቆመ፤ አሁን በየጊዜው የሚከፈል ነው። ለሁለት ሰርቨር ያንኑ ሥራ የሚሠራው ፕሮክስሞክስ ይበቃል። ያለ ክፍያም ሙሉ በሙሉ ይሠራል፣ የራሱ የባክአፕ ሰርቨርም አለው።

ማሽኖቹን ተከታትሎ ችግር ሲኖር ለሚያስጠነቅቅ ሶፍትዌር ዛቢክስን እመርጣለሁ። ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው፣ 60 ኮምፒውተር ለመከታተል አንድ የተረፈ ተራ ኮምፒውተር ይበቃዋል። መጀመሪያ ላይ ከበደኝ ካልሽ በአፕታይም ኩማ ጀምሪ፤ በአንድ ከሰዓት ይጫናል። ናጊዮስ የለመደ ሰው ካገኘሽ እሱም ክፉ አይደለም፣ እኔም የተማርኩት በእሱ ነው፤ ከዜሮ ለሚጀምር ግን አልመክረውም።

ማስጠንቀቂያው በምን ይድረስሽ? ሁላችንም ቴሌግራም ላይ ነን፣ ቦት ማገናኘትም ቀላል ነው። ግን የካቲት 2015 ቴሌግራም ሲዘጋ ለወራት እንደቆየ አትርሺ። ዛቢክስ በጂኤስኤም ሞደም ኤስኤምኤስ መላክ ይችላል። ሲም ካርድ ያለበት ሞደም ዛቢክስ የተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ይሰካል፣ ኢንተርኔት ባይኖርም መልእክቱ ይደርስሻል። በየወሩ ካርድ መሙላት ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ አምስት ነገር ብቻ ይደውልብሽ፦ ዲስክ ሊሞላ ሲል፣ ባክአፕ ሳይሠራ ሲቀር፣ ዩፒኤሱ በባትሪ ላይ ሲሆን፣ መስመር ሲቆረጥ፣ የዌብሳይቱ ሰርተፊኬት ሊያልቅ ሲቃረብ። የመጨረሻውን የጨመርኩት ሰርተፊኬት በነፃ የሚሰጠው ሌትስ ኢንክሪፕት ድሮ በኢሜይል ይልክ የነበረውን ማሳሰቢያ በፈረንጆቹ ጁን 2025 ስላቆመ ነው። ሌላውን ቀስ ብለሽ ጨምሪ። በቀን አርባ ጊዜ የሚጮህ ስልክ ከሳምንት በኋላ ማንም አያየውም፤ የሚያስፈልገው መልእክትም እዚያው ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል።

ሕንፃው እንዳለ መብራት ቢያጣስ? የሚከታተለውም ኮምፒውተር አብሮ ይሞታል፣ ማንም አይነግርሽም። ለዚህ ውጭ ያለ ጠባቂ ያስፈልጋል። ሄልዝቼክስ የሚባለው አገልግሎት ነፃ ደረጃ አለው። ሰርቨርሽ በየአምስት ደቂቃው «አለሁ» ይለዋል፤ ድምፁ ሲጠፋ እሱ ላንቺ ይልካል።

ከቤት ሆኖ መግባት ሲያስፈልግሽ የርቀት ዴስክቶፕን መግቢያ (ፖርት 3389) ለኢንተርኔት ክፍት አድርገሽ እንዳትተዪ። ከላይ የነገርኩሽ የሜክሲኮው ቢሮ ላይ አጥቂዎቹ የገቡት በዚያ ነው። ቲምቪወር ነፃ የሆነው ለግል ጥቅም ነው፣ ለድርጅት አትመኪበት። ዋየርጋርድ አዘጋጂ፤ ከውጭ ወደ ቢሮው ኔትወርክ የተቆለፈ መንገድ (ቪፒኤን) የሚከፍት ነው። ራውተራችሁ ማይክሮቲክ ከሆነ ራውተር ኦኤስ 7 ላይ ዋየርጋርድ አብሮ አለ። ለእሱ ከቴሌኮሙ ቋሚ አይፒ ጠይቂ። ማይክሮቲኩን ራሱን አድሺው፣ ዊንቦክስ (ራውተሩ የሚስተካከልበት ፕሮግራም) ከውጭ እንዳይከፈትም ዝጊ፤ በፈረንጆቹ 2018 በዊንቦክስ ቀዳዳ የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ጥቃት በዓለም ዙሪያ ስንቱን ራውተር እንደበላ በሙያው ያለ ሰው ሁሉ ያስታውሳል። ሁለተኛ መስመርም ዝርዝሩ ውስጥ ይግባ። በከተማው ቁፋሮ ፋይበር መቆረጡ ብርቅ አይደለም። ዋናው ከኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ ተጠባባቂው የሳፋሪኮም 4ጂ ይሁን፣ ወይም በተቃራኒው። ማይክሮቲኩ ራሱ ይቀያይራል።

አሁን የይለፍ ቃሉ። ብቸኛዋ ሠራተኛ ነሽ። ነገ ብትታመሚ ማን ይገባል? ኪፓስ ኤክስሲ የሚባለውን የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ጫኚና ሁሉንም እዚያ አስቀምጪ። ዋናውን ቃልና የባክአፑን መክፈቻ በእጅሽ በወረቀት ጽፈሽ፣ ፖስታ ውስጥ አሽገሽ፣ ማሸጊያው ላይ ፈርመሽ አለቃሽ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ። አብሮትም ሁለት ገጽ መመሪያ ይኑር፣ በአማርኛ፦ ሰርቨሩ የቱ ነው፣ እንዴት ይዘጋል፣ ዲስኩ የት ነው፣ ማን ይጠራ። ለማያውቅ ሰው አንብበሽለት ካልገባው እንደገና ጻፊው። አንሲብልና መሰል ሰርቨርን በራሳቸው የሚያዘጋጁ ነገሮች ጥሩ ናቸው፣ ግን ለሁለት ሰርቨር አይቸኩሉም። የምትቀይሪውን ሁሉ ከነቀኑ መጻፍ ለጊዜው ይበቃሻል።

ለአለቃሽ የምታቀርቢው ወረቀት አንድ ገጽ ይሁን። ከላይ ገንዘብ የሚጠይቁት፦ ሁለት ዲስክ፣ የዩፒኤስ ባትሪ፣ ሁለተኛ መስመር፣ ቋሚ አይፒ፣ ሞደምና ሲም፣ የኢሜይሉ ክፍያ፣ ድጋፋቸው ያለቀ ዊንዶውሶች መተኪያ። ዊንዶውሱ ብዙ ብር ስለሆነ በሦስት ዙር ከፋፍለሽ አስገዢው፣ ፋይናንስ ይቅደም። ከታች ነፃ የሆኑት ይዘርዘሩ፤ አጠገባቸው ብር ሳይሆን የአንቺን ቀናት ጻፊ። ዛቢክስ ነፃ ነው ሲባል አለቃሽ ዛሬውኑ ያለቀ ይመስላቸዋል፤ ላንቺ ግን ከመደበኛው ሥራ ጎን የሁለት ሳምንት ሥራ ነው። ይህን ካልጻፍሽው ማታ ማታ ስትሠሪው ማንም አያውቅልሽም።

ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይሆንም። በዚህ ሳምንት ዲስኮቹን ብቻ አስገዢ፣ ፖስታውንም ካዝና አስገቢ። የፒችትሪያችሁን ቨርዥንና የዩፒኤሱን ሞዴል ጻፊልኝ፤ የማታውን ስክሪፕት አብረን እናየዋለን።